ወንዝ የማትፈልግ መንኮራኩር

ራስላን አናጢ ነበር፤ በሐማ ከተማ ከወንዙ ውሃ የሚያወጡትን ግዙፍ የእንጨት መንኮራኩሮች ይጠግናል። የሐማ ሰው መንኮራኩሮቹ ሲያቃስቱ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ራስላን ደግሞ ድምፃቸውን ሰምቶ የትኛዋ እንደታመመች ያውቃል።

አንድ በጋ ወንዙ ዓሲ ውሃው መንምኖ ከሰውነት ተራ ወጣ። መንኮራኩሮቹ ቀጥ አሉ፤ ከተማው ጭር አለ። የራስላን ሚስት ዋጂሃ ከጓሮዋ የኮክ ዛፎችና ደበርጃን የሚባል አትክልት መደብ ነበራት። ከመንኮራኩሮቹ የሚመጣው የቦይ ውሃ ሲቋረጥባት ከጉድጓድ በባልዲ እየጎተተች ማጠጣት ጀመረች። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ራስላን ያያታል።

«ኡም ሻሂር» አላት አንድ ቀን፤ በበኩር ልጃቸው በሻሂር ስም፣ የሻሂር እናት፣ የሻሂር አባት እየተባባሉ ነው የሚጠራሩት። «ወንዝ የማትፈልግ መንኮራኩር ጉድጓዱ ላይ እተክልልሻለሁ።»

«ማን ሊያዞራት?»

«የገዛ ክብደቷ።»

«አይ አቡ ሻሂር! ፀሐይ መትቶሃል፤ ና ጥላው ሥር ተቀመጥ።»

እሱ ግን ጀመረው። በመንኮራኩሯ ዙሪያ የሚታጠፉ ክንዶች አበጀ፤ በየጫፋቸው ብረት አሰረ። በሚወርዱበት በኩል ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ በሚወጡበት በኩል ወደ መሐል ይታጠፋሉ። የተዘረጋው ከታጠፈው የበለጠ ይጎትታልና ዕድሜ ልኳን ትዞራለች ብሎ አሰበ።

ገፋ አደረጋት። ዞረች፣ ዞረች፣ ደከማት፤ ወደ ኋላ ተወዛወዘችና ቆመች። ፍትጊያው ነው ብሎ የምትዞርበትን ዘንግ የበግ ላት ስብ ቀባው። ቆመች። ክንድ ጨመረላት፤ ይባስ ብላ ቶሎ ቆመች።

የዋጂሃ ወንድም ፋይዝ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወሬውን ከአንዱ ደንበኛ ጆሮ ወደ ሌላው አዳረሰውና ራሱም ሊያይ መጣ።

«አማቼ፣ ሳይበላ የሚያርስ በሬ ስትሠራ ለእኔም አንድ አስቀምጥልኝ!»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ስትዞር ያን ምላስህን በባልዲ ፋንታ አንጠለጥልባታለሁ።»

«ፋይዝ፣ ተው» አለች ዋጂሃ። «በባሌ የምስቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ራስላን እህል ውሃ አልል አለ፤ ከሳ። አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፉ ሲነቃ ከጓሮ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ። በመስኮት ቢያይ መንኮራኩሯ ትዞራለች! አጠገቧ ሰው አይታይም። ጠበቃት፤ አልቆመችም። አላህን እየጠራ ባዶ እግሩን ሮጠ። ከጉድጓዱ ግንብ ጀርባ ሲደርስ ግን ዋጂሃ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ላብ አጥምቋት፣ ክንዶቹን በእጇ ትገፋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንዴ ስትዞር ካየህ ትበላለህ ብዬ ነዋ!»

ሊቆጣ ፈለገ፤ አልሆነለትም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ፤ በሳቁ መሐል እንባው መጣ።

ሲበርድለት የቆመችውን መንኮራኩር ትክ ብሎ አያት። እስከዛሬ የሚያየው የክንዶቹን መዘርጋት ነበር፤ ብዛታቸውን ልብ አላለም። በሚወርደው በኩል ያሉት ርቀው ተዘርግተዋል፤ ግን ጥቂት ናቸው። በሚወጣው በኩል ያሉት ወደ መሐል ተሰብስበዋል፤ ግን ብዙ ናቸው። ትንሽ አዞራት፤ ያው ነው። ደግሞ አዞራት፤ ያው ነው።

«ዋጂሃ» አላት በስሟ፣ «ስትወርድ ያገኘችውን ስትወጣ ታስረክባለች። ስብ ብቀባት፣ እንጨት ብለውጥላት አትዞርም። የማንም አትዞርም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«የእጄ ሥራ አይደለማ የበደለው!»

ብረቶቹን ፈታ፤ በእግር የሚረገጥ መርገጫ ገጠመላት፤ ገመድና ባልዲ አሰረባት። በየማምሻው እሱ ይረግጣል፣ እሷ ታጠጣለች። ደበርጃኑ ደርቆ አልቆ ነበር፤ ኮኩ ግን ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ እንደ እሱ ሰፈራቸው የሳቀባቸው ሰዎች በራሷ የምትዞር መንኮራኩር ሐሳባቸውን ይዘው ወደ ራስላን ይመጡ ጀመር። ከሰለሚያ የመጣ አንድ ሸማኔ «የእኔ ትዞራለች» ብሎ ድርቅ አለ። ራስላን እንደማትዞር ነገረው፤ እምቢ ሲለው እንጨትና መጋዝ ሰጠው፤ ዋጂሃም ሻይ አፈላች። ሰውየው ሠርቶ ጨርሶ ገፋት። ዞረች፣ ዞረች፣ ደግሞም ዞረች። ራስላን እንደማትዞር እያወቀ መንኮራኩሯን «በርቺ፣ በርቺ» እያለ ሲያንሾካሹክ ዋጂሃ ሰማችውና በክርኗ ጎሰም አደረገችው።