የተደፈኑት ጉድጓዶች

የውሃ ቢሮው ጸሐፊ ለአዲሱ የካርታ ፕሮግራም ፋይል እያዘጋጀች ነበር። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ መስመር ነው፤ መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ የውሃው ጥልቀት በሦስት ቁጥር፦ ቢያንስ፣ ምናልባት፣ ቢበዛ። ያደገችበት ሰፈር ጉድጓዶች ግን ተደፍነው ቤት ተሠርቶባቸዋል። ልኬት ካልተገኘላቸው ሰፈሩ ካርታው ላይ ባዶ ሊቀር ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፋሪ ወደነበሩት አባቷ ሄደች።

«በትክክል አላስታውስም ልጄ። በስተርጅና ልዋሽ?» አሏት።

«አባዬ፣ ይኼ ፕሮግራም እኮ ‹ይህን ያህል ሳይሆን አይቀርም› የሚል ሰው ነው የሚወደው።»

«እንግዲያው ወዳጄ ነው በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩት። «የወፍጮ ቤቱ ከአሥር አያንስም፣ ከአሥራ አራት አይበልጥም፤ አሥራ ሁለት በይው። የልብስ ሰፊው ጉድጓድማ... አቤት ያ ድንጋይ! ወገቤን የበላው እሱ ነው።» እሷም እየሳቀች ትጽፋለች።

በመጨረሻ የራሳቸው የድሮ ግቢ ቀረ።

«ስምንት ሜትር።»

«ቢያንስስ?»

«ስምንት።»

«ቢበዛስ አባዬ?»

«ስምንት አልኩሽ እኮ! የእናትሽን የመቅጃ ገመድ ለክቼ የቆረጥኩላት እኔ አይደለሁ?»

እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። ልጅቱ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት ብላ ጻፈች።