ዋግ በገባበት ዓመት የሠራነው ተራ አስከባሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ስልክ ገዝታ የባንክ ሒሳቧን ልትከፍትበት ስትሞክር፣ ስልኩ «ይህን መሣሪያ አላውቀውም፤ ማንነትዎን ያረጋግጡ» እያለ አስቸገራት። የተላከላትን ቁጥር ስታስገባ ተሳሳተች። ደግማ ሞክራ አሁንም ተሳሳተች። በመጨረሻ «ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ ዘጋባት።

«እማዬ፣ ይህን ነገር የሚፈለስፉ ሰዎች ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። በወጣትነቴ አሰላ ላይ ከእነዚያ ጨካኞች አንዷ እንደነበርኩ ነግሬያት አላውቅም።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ኮምፒዩተር ተምሬ እንደጨረስኩ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አሰላ፣ የገበሬ ማኅበራትን በሚያገለግል አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። ብርዱ አላስቸገረኝም፤ የለመድኩት ብርድ ነው። የከበደኝ ቋንቋው ነበር። ገበያ ስወጣ ድንች ሻጮቹ በኦሮምኛ ይጀምሩልኝና ግር ሲለኝ አይተው እየሳቁ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አብሮኝ የሚሠራው ቶላ የአርቦዬ ልጅ ነው፤ እኩያዬ። ሰላም የሚለውን ስሜን ትቶ «ነጋያ» ይለኝ ነበር። ትርጉሙ ያው ነው፤ ግን በዚያ ስም ስጠራ የሰፈሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሥራችን ሰርቨሩን መጠበቅ ነው። ሰርቨር የምንለው የሁሉም ቅርንጫፍ መረጃ የተቀመጠበትን ዋና ኮምፒዩተር ነው። የኢተያ፣ የአርቦዬ፣ የጮሌና የሌሎችም ቅርንጫፎች ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር እየደወሉ መረጃ ይሰጡታል፤ የፈለጉትንም ይጠይቁታል። የሁሉም የይለፍ ቃል አንድ ነበር። ግድግዳ ላይ የለጠፈው ቅርንጫፍም ነበረ።

የዚያን ዓመት ክረምቱ አልወጣም ብሎ እስከ መስከረም መጨረሻ ዘነበ። ስንዴው ግን ያምር ነበር። ከኢተያ ወደ አሰላ ስትመጡ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ፣ ነፋስ ሲመጣ ተኝቶ ሲነሳ፣ ሹፌሩ ራሱ ዓይኑን ከመንገዱ ይነቅላል። በዚህ መሃል ከጮሌ ወሬ ተሰማ፤ ቢጫ ዋግ ገብቷል። በዋግ የተያዘ ስንዴ ቅጠሉን ሲነኩት ጣት ላይ እንደ እርድ ዱቄት ይለቃል። ያንን ዱቄት ነፋስ ይዞት ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል። መድኃኒት በጊዜ ካልተረጨ፣ ያ ሁሉ ያማረ ዛላ ፍሬ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ቅርንጫፎቹ በየቀኑ የተያዙትን ቀበሌዎች ወደ ሰርቨሩ ይልካሉ። የሰብል ጥበቃ ኃላፊያችን አቶ ገመቹ ያንን አይተው ረጪዎችን ያሰማራሉ። መድኃኒቱ ለሁሉም ስለማይበቃ የቱ ይቅደም የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነበር። ሰርቨሩ የታነቀው በዚያው ሰሞን ነው። የአርቦዬው ኮምፒዩተር በፍላሽ ቫይረስ ገብቶበት ያለ ዕረፍት ይጠይቃል። ሌሎቹ መልስ ሲያጡ ወዲያው መልሰው ይጠይቃሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮህበት ስብሰባ ሆነና ማንም ማንንም መስማት አቃተው። ከጮሌ ጭራሽ ምንም አልገባ አለ። በስልክ እንዲነግሩን ብናደርግም ድምፁ እየተቆራረጠ የአንዱ ቀበሌ ስም ከሌላው ተምታታና ረጪዎቹ ደህና ማሳ ላይ መድኃኒት ጨርሰው ተመለሱ።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን። «ዝጉት» አሉ። «ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም አይግባበት።» ባለሙያው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ከስብሰባው ወጥተን ከቶላ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ምሳ በላን። የቀረበልን ሽሮ ገና ይንተከተካል፤ ሁለታችንም ግን የመብላት ፍላጎት የለንም። ማዶ ተራ አስከባሪው እንደ ልማዱ ከሚኒባሶቹ ጋር ይሟገታል። የስምሪት ወረቀት የሌለውን መኪና ከነጭራሹ አያስገባም። ያለ ተራው የመጣውን «ዞረህ ና» ብሎ ይመልሰዋል። ያው መኪና ቶሎ ተመልሶ ሲመጣበት ደግሞ ከበፊቱ አርቆ ይሰደዋል። ቶላ የጠቀለለውን እንጀራ አፉ ሳያደርስ ቀረ።

«ነጋያ፣ እኛ የጎደለን እሱ ነው» አለኝ።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሰርቨሩ ፊት እናቆማለን። ለየቅርንጫፉ የየራሱ ቁልፍ፣ ማለትም ምስጢራዊ ቁጥር እንሰጣለን። ቁልፍ የሌለው አይገባም። ያለውም በተራው ነው። ተራው ያልደረሰ ቆይቶ እንዲጠይቅ ይነገረዋል፤ ቸኩሎ ከመጣም የሚጠብቅበት ጊዜ ይረዝማል።

ለሥራ አስኪያጁ ስናስረዳ «አይሆንም» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያኔ አቶ ገመቹ ተነሡ። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ከኮምፒዩተርም ጋር ብዙ አይዋደዱም።

«በእኔ ኃላፊነት ይሁን» አሉ።

«ቢበላሽስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ከተበላሸ እኔን ጠይቁኝ። ልጆቹን አትንኩብኝ።»

ከአቶ ገመቹ ጋር እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም ነበር።

ፕሮግራሙን ጻፍነው፤ ሲበላሽ አፍርሰን እንደገና ጻፍነው። ሲያልቅ ሌላ ጣጣ መጣ። ቁልፎቹን ሰው ሁሉ በሚገባበት በዚያው መስመር መላክ አይቻልም፤ በአካል መድረስ አለባቸው። ቶላ አርቦዬ ሄዶ የታመመውን ኮምፒዩተርም ሊያጸዳ ተስማማ። ጮሌ ለእኔ ደረሰኝ።

መኪናችን ከጮሌ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። ገበሬዎች ገፍተው ሲያቅታቸው አንዱ ፈረሱን ሰጠኝ። ፈረስ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ እሱ ልጓሙን ይዞ እየመራ፣ እኔ ኮርቻውን ሙጭጭ ብዬ፣ ዝናብ እየወረደብን ገባን። ከድጃ የምትባለው የቅርንጫፉ ባለሙያ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ከአሰላ ሆነሽ በር የምትዘጊብኝ አንቺ ነሽ?» አለችና ሳቀች። ደረቅ ልብሷን አለበሰችኝ። ጭኮ አቀረበችልኝ፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቁልፉን ነግሬያት «ወረቀት ላይ እንዳትጽፊው» ስላት «ስንት የቁርኣን ሱራ በቃሌ ይዤ ይቺን ነው የምረሳው?» አለችኝ።

ቢሮው በገበሬዎች ተሞልቶ ነበር። ከድጃ የቀበሌዎቹን ስም መርጨት በሚያስፈልግበት ቅደም ተከተል መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው የራሷን ቀበሌ ነው። ከኋላዋ የቆሙ ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እጇ ቆመ። እሳቸውም ቀስ ብለው ደገሙት። ኋላ እንደነገረችኝ ሽማግሌው አባቷ አባ ሁሴን ነበሩ። ያሏትም «ልጄ፣ የእኛ አልቋል። መድኃኒቱ አያድነውም። ገና የጀመራቸውን አስቀድሚ» ነው።

ከድጃ የጻፈችውን አጠፋችና የማዶኛውን ቀበሌ ከላይ አደረገች። የራሳቸውን መጨረሻ ላይ ጻፈችው። ላከችው። «ተራዎን ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔው ራሴ የጻፍኩት ቃል ነው፤ ግን እንደዚያን ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። ቆይቶ ኮምፒዩተሩ «ገብቷል» አለ። ጥቂት እንደቆየ የአቶ ገመቹ መልስ መጣ፤ ሁሉም በትክክል ደርሷቸዋል፤ ረጪዎቹ ይነሣሉ። ከድጃ መልሱን ጮክ ብላ ስታነብ አባቷ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

ሁሉም ማሳ አልተረፈም። ብዙው ግን ተረፈ። አባ ሁሴን ከእርሻቸው ገለባ ብቻ ሰበሰቡ። ምርት ሲገባ፣ ከድጃ እንደነገረችኝ፣ የማዶኛው ቀበሌ ሰዎች ከየአውድማቸው እህል ጭነው ደጃቸው አራገፉላቸው። ለዘርም ለቀለብም በቃቸው።

ዓለም ላይ እኛ ብቻ የፈለሰፍነው መስሎን ለጥቂት ጊዜ ጉራ ነዝተናል። በኋላ ሳነብ በየአገሩ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን መላ ከእኛ ቀድመው፣ ከእኛም አሳምረው ሠርተውት ኖሯል። አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ያ ሁሉ የማላውቀው ሰው በየፊናው ስለ አንድ ነገር ሲጨነቅ ኖሯል ማለት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሙያ ነው፤ እንጀራዬም እሱ ሆነ።

አቶ ገመቹ ጡረታ ወጥተው አሰላ ናቸው። በዓል ሲመጣ እደውልላቸዋለሁ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ልጃቸው ናት የምታቀባብለን። ዘንድሮ ላመሰግናቸው ብዬ የዚያን ቀን ያሉትን ሳነሣላቸው ነገሩን ረስተውታል። «እንዲህ ብዬ ነበር?» አሉ ብላ ልጃቸው ነገረችኝ።

ብለው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራኋቸው ማሽኖች ማስረጃ ያላሳየ ሰው አያስገቡም፤ እንዲያ መሆናቸውም ደግ ነው። እኔን ግን አቶ ገመቹ ምንም ማስረጃ ሳይጠይቁ አስገቡኝ። እሳቸው ቢረሱትም እኔ አልረሳውም።