ብርጭቆ የደፋሁበት ጧፍ

መብራት ሲመጣ ጧፉን እፍ ብዬ አጠፋሁት። የጭሱ ሽታ ግን ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ።

አራዳ ሳለን ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ፣ ኮሪያ ለዘመተ ልጃቸው ማታ ማታ ጧፍ ያበሩ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቀን፣ ሰምና ክር ቢኖርም ያለ አየር እሳት እንደማይነድ ትምህርት ቤት ተምሬ መጣሁ። ላሳያቸው ቸኩዬ ጧፉ ላይ ብርጭቆ ደፋሁበት።

“አዩ እማማ፣ አየር ሲያጣ ጠፋ!” አልኩ እየፈነደቅሁ።

እማማ ዘነቡ ክብሪት ጫሩ። “እንደሚጠፋማ አውቃለሁ ልጄ። ለምን አጠገቡ የምቀመጥ ይመስልሻል?”

ነገሩ በቅጡ አልገባኝም፤ ፊታቸውን ማየት ግን አቃተኝ። ልጃቸው በሰላም የተመለሰ ቀን ሰፈሩ በእልልታ ሲቀልጥ፣ እኔ ያጠፋሁት ጧፍ ትዝ ብሎኝ አልጋ ሥር ተደብቄ አለቀስኩ።

መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። ጧፉን መልሼ ለኮስኩት።