ሰበታ ላይ ቆሜ ያየሁት ምሳ

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ የባሌ ቤተሰቦች ሰበታ ምግብ ቤት ገብተው ምሳ ሲበሉ እኔን ግድግዳ ሥር አቁመውኛል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ካገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። የባሌ አጎት ተጂ ላይ ልጃቸውን ስለሚድሩ ከሱሉልታ በጠዋት ተነሥተን አውቶቡስ እየቀያየርን እንሄድ ነበር። በእነሱ ቤት ሥርዓት ምራት ከአማቶቿ ጋር ገበታ አትቀርብም፤ እነሱን አብልታ የተረፈውን ጓዳ ገብታ ትበላለች። ሰበታ ላይ ግን ጓዳውም ወጡም የሌላ ሰው ነው።

ገበታው ሲቀርብ ባሌ አቀርቅሮ መጉረስ ጀመረ። እናቱ፣ "ትንሽ ታገሺ፣ ይተርፍሻል" አሉኝ።

"እማማ፣ ቤት የምቆመው እያስተናገድኩ ነው። እዚህ ምን እየሠራሁ ልቁም?"

"ይቺ ልጅ ምላሷ ረዘመ።"

ወጥ የምትጨምረው የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ "እኔም አልቀጠርኳት" ብላ ሳቀች።

ወደ ባሌ አባት ዞርኩ። "አባባ፣ እስቲ አንቱ ይፍረዱ። እኔም እንደናንተ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ፤ እንደናንተ ርቦኛል።"

እሳቸው የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። አግዳሚው ላይም ጠጋ አሉልኝ።

"እውነትሽን ነው። ውጭ በልተን ስለማናውቅ የቤታችንን ሥርዓት ይዘን መጣን። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ቤት ስንመለስም አብረሽን ትበያለሽ።"