በዘጠኝ ኖት

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ስነዳ አንድም ቀን ከመንገድ ወጥቼ አላውቅም። ሞተር ፈትቶ መግጠም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ኮምፒዩተርም እንደዚያው። ጡረታ ስወጣ ጦር ኃይሎች አካባቢ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛሁ፣ የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ጫንኩበት፣ ኮልፌ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ማብረር ጀመርኩ። በሰፈራችን በእኔ ዕድሜ ይህን የሚሠራ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ማንሳቱና ማሳረፉ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መሬት ላይ መንዳቱ፣ ማኮብኮቡ ነው። አውሮፕላን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነዳጅ ባትጨምርለትም በራሱ እየፈጠነ ይሄዳል። እኔም እንደ ቁልቁለት ቆጥሬው ፍሬኑን ረግጬ እሄድ ነበር፤ ፍሬኑ ይግላል። ዘዴውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ቀጥ ባለው ላይ እስከ ሃያ ኖት ትለቀዋለህ፤ ያ በመኪና ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ወደ አሥር ታወርደዋለህ፣ ትለቀዋለህ። ኩርባ ላይ ከአሥር አታልፍም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ልታስወጣ ቀጠሮ ተሰጣት። ሐኪሙ ነርቭ ከተነካ ድምፅዋ ላይመለስ እንደሚችል ነገረን። እሷ በቤተ ክርስቲያኗ ጸሎት የምትመራ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከግቢያችን አልፎ ይሰማል። እሷ ጸሎቷን ቀጠለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

«አስተናጋጅ ልቀጥርሽ ነው» አልኳት አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ይዤ።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«አውሮፕላኑ የእኔ ነው፤ የፈለግሁትን እቀጥራለሁ።»

ከፕሮግራሙ የአስተናጋጆቹን የፈረንጅ ድምፅ አውጥቼ የእሷን ልተካ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ የገባት ይመስለኛል። ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ክቡራን መንገደኞች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ፤ ብርድ የሚፈራ ካለ መስኮቱን ዝጉ» አለች።

«የአውሮፕላን መስኮት አይከፈትም እኮ!»

«ታዲያ ሰው ሲታፈን ምን ይሁን?»

እንዳለ ተውኩት። ከሃያ ኖት ስታልፍ የሚናገር ድምፅም ጨመርኩ። ያንን ለመቅዳት ልምምድ አላስፈለጋትም፤ ከጎኔ ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ ያለችውን ነው ያለችው፦ «ኧረ ቀስ፣ ሰው ጭነሃል!»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ድምፅዋ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ለምሳ ስትጠራኝ ታጨበጭባለች። ልጃችን «አባዬ፣ ሐኪሙ ታገሱ ብሏል» ትለኛለች፤ ትዕግሥት ግን አልነበረኝም። ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጬ ሆን ብዬ ሠላሳ ኖት አደርሳለሁ። «ኧረ ቀስ፣ ሰው ጭነሃል!» ይላል ድምፅ ማጉያው። እንደገና እለቀዋለሁ። እንዲህ ያለ መጥፎ ነጂ ሆኜ አላውቅም።

አንድ ቀን ከጓዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አራተኛውን «ኧረ ቀስ» ሰማች፣ ጎንበስ ብላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ሄደች። ያን ጊዜ ነው እሷም የራሷን ድምፅ ከጓዳ ሆና ስትሰማ መክረሟ የገባኝ። አፈርኩ። ገመዱን መልሼ አልሰካሁትም፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ድምፅ፣ በሥርዓቱ ነዳሁ።

ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወደ መንደርደሪያው የሚያስገባውን ኩርባ እየዞርኩ ነው። አዟዟሬ ፓይለት የሚያስቀና ነበር። ከኋላዬ፣

«ኧረ ቀስ፣ ሰው ጭነሃል!»

የፍጥነት መለኪያውን አየሁ፤ ዘጠኝ። የሠራሁት ነገር ተበላሸ እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ የተነቀለው ገመድ ላይ አረፈ።

ዞርኩ። በር ላይ ቆማለች፣ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ደንግጣለች። ድምፅዋ ሻከር፣ ወፈር ብሏል፤ ግን የእሷ ነው።

«ዘጠኝ ኖት ነው እኮ!» አልኳት።

«ዘጠኝም በዝቷል» አለችና ሳቀች። ሳቋም ተሰማ።

አውሮፕላኑን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ስላልነበረ ከነመንገደኞቹ ሣር ውስጥ ገብቶ ቆሟል። በሕይወቴ ከመንገድ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ፍሬን እንኳ አልያዝኩም።