የተሸካሚዋ ቁርስ

የሸክምን ነገር ጀርባ ያውቃል እንጂ ዓይን አያውቅም ይባላል። ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው ልጇን አዝላ ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ የሚያዩዋት ሁሉ ዓይን ነበሩ። «በርቺ» እያሉ ያልፏታል። «በርቺ» ደግሞ ከሸክም ላይ አንዲት ኪሎ አትቀንስም።

ልጁ ገና ድክ ድክ ሳይል በያዘው ትኩሳት ሁለት እግሮቹ ሰልለው ቀርተዋል። ከወገቡ በላይ ግን ሙሉ ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ረጅም፣ ምላሱም እንደዚያው። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ታዝሎ ሲወርድ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እጁን እያነሳ ሰላምታ ስለሚሰጥ፣ የሕንጻው ሰው በሙሉ «ሚኒስትሩ» ይለዋል።

«ክቡር ሚኒስትር፣ እንዴት አደሩ?» ይለዋል አንዱ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ እያሳለፋቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ፤ ሹፌሬን ጠይቅልኝ» ይላል እሱ፣ የእናቱን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። «ነዳጅ እየጨረሰች ነው።»

የሚወርደው ለሽርሽር አልነበረም። ከሕንጻው መግቢያ አጠገብ፣ ቁም ሣጥን ከምታህል ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ሠሪ ይሠራል። ሚኒስትሩ እዚያ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ ሰዓት መፍታትና መግጠም ይማራል። ወንበሩ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም፤ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል። የሚወጣ የሚወርደው ባለ ወንበሩ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪው ሰው የማያሞግስ ሰው ነበር። እሷን ግን አንድ ቀን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «የልጅሽ እጅ የተባረከ ነው፤ ትንሽ ከታገሠ እኔን ያስንቃል» ብሏታል። በዚያች ቃል ነው የምትኖረው።

የምትፈራው አንድ ነገር ነው። ልጅ ያድጋል፣ እናት ታረጃለች። እሱን ማውረድ ያቃታት ቀን፣ አንድም ያ የተባረከ እጅ ከአልጋ ላይ ተጋድሞ ሊቀር ነው፤ አንድም ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልትወስደው ነው። የእህትየው ቤት ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። «ስጪኝና እዚህ ይኑር» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። በክፋት አይደለም። እህትየው ልጅ የላትም።

የጎረቤት ጎልማሶች ሊያግዟት ሞክረው ነበር። የሰው ርዳታ ግን እንደ ካፊያ ነው፤ መሬቱን አረጠብኩ ሲል ያባራል። ደግሞስ ማለዳ ሁሉም ወደየሥራው የሚሮጥበት ሰዓት አይደል? ስለዚህ እሷና ጀርባዋ ቀሩ። በየፎቁ መታጠፊያ ስትደርስ ዞር ትልና፣ የልጇን ጀርባ ከግድግዳው አስደግፋ፣ ክብደቱን ለአፍታ ለግድግዳው ታበድረዋለች። ከዚያ ትቀጥላለች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ይኖራሉ። ሁሉም «አሠልጣኝ» ነው የሚላቸው። ልባቸው ታሞ ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል፤ ምክር ግን አልከለከላቸውም። አንድ ማለዳ ከደጃቸው ላይ ቆማ ስታለከልክ ሰምተው በሩን ከፈቱ።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የወጣሽው?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ፣ አሠልጣኝ።»

«መች ምን ጠጣሽ አልኩሽ? ምን በላሽ ነው ያልኩት።»

«የትናንት ዳቦ ነበረች... እሷን ቀማመስኩ።»

«እንቁላል ስትገዢ አይሽ የለም እንዴ?»

«እንቁላሉማ የሱ ነው።»

አሠልጣኙ ሚኒስትሩን አዩት። ሚኒስትሩ ጣሪያውን አየ።

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ። «ተሳፋሪው ጠግቦ መኪናው ነዳጅ ከሌለው የት ይደረሳል? ከነገ ጀምሮ አንቺም አንድ እንቁላል ትበያለሽ። አጃ በወተት ትቀቅያለሽ። ሙዝም ጨምሪበት። ስኳሩን ተይው። ስኳር ፈሪ ወዳጅ ነው፤ እስከ መታጠፊያው ይሸኝሽና ይጠፋል። ከዚያ እሱ ቁርሱን እስኪጨርስ ድረስ አሸዋ በከረጢት ታዝይና ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ። ጉልበትሽን እኔ እሠራዋለሁ።»

ምክሩ ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት «ቁርስ» ማለት የልጁ ቁርስ ማለት ነበር። ሁለቱም እንቁላል ከሱ ሳህን ላይ ነው የሚያርፈው፤ እሷ የምትቀማምሰው ከተረፈ ነው፤ አይተርፍም። እናት ሆዷን የምትረሳው ተምራ አይደለም፤ ስለዚህም መርሳቷን ልርሳ ብትል አይሆንላትም። የመጀመሪያው ቀን እንቁላሉ ከጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ልጇ ፊት ተቀምጣ የልጇን እንቁላል የሰረቀች መሰላት።

«ብዪ እንጂ እማዬ!» አላት ሚኒስትሩ። «የምትበዪው እኮ ለኔ ነው።»

እንዲህ ሲላት ወረደላት።

ከዚያ ወዲያ ማለዳው መልክ ያዘ። ሁለት ሳህን ትሞላለች፤ የሱን ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋው ላይ ታቀርብለታለች፤ የራሷን ቆማ ትጨርስና አሸዋዋን አዝላ ትወጣለች። አሠልጣኙ ወንበራቸውን ከደጃቸው አውጥተው ይጠብቋታል።

«ጉልበት! ጉልበት አልኩሽ እንጂ መች ወገብ አልኩሽ!»

«ጉልበቴን ባገኘው መች ጠላሁ፣ አሠልጣኝ!»

«ይመጣል። እንቁላሉ ገና መንገድ ላይ ነው።»

መጣም። አንድ ሰሞን የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳትቆም አለፈችው። ቆይታ ደግሞ ሁለተኛውን። ዝናቡ ሄዶ ብርድ ሲገባ፣ አንድ ማለዳ ከአራተኛ ፎቅ ተነስታ አንድም ቦታ ሳታርፍ ሱቁ ደጃፍ ደረሰች። ከላይ አሠልጣኙ አጨበጨቡ። እሷም ልጇን ከወንበሩ ላይ አስቀምጣ እንደ ኮረዳ ሳቀች። የዚያን ዕለት ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት፣ ከጎኗ የምትሰፋውን ባልደረባዋን ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን አስነካቻት። «እንቁላልና አጃ ነው» እያለች ሰበከቻት። «በሃምሳ ዓመቴ! ንኪው እስቲ!»

በዚያ ሰሞን የተማረረ ሰው ቢኖር አሠልጣኙ ነበሩ። ነገሩ የድመታቸው ነገር ነው። «የስፖርተኛ ድመት ሆና በርሜል አከለች!» ይላሉ። «የሆነ ሰው በድብቅ እየቀለበብኝ ነው። ባገኘው!» ሰው ይስቃል። ልብስ ሰፊዋም ስቃለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ወጥቶ ጠበቃት።

«እኔ የምልሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጁ ያመዋል እንዴ?»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«እጁ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ብሎን ጣለ፤ ዛሬም ጣለ። እንደ አሸዋ ቅንጣት ያለች ብሎን ናት፤ እኔ ስጥል እሱ ነበር የሚያገኝልኝ። አሁን ፈልግ ብለው ዓይኑ ይጭበረበራል። ሸሚዙም ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።»

ሸሚዙን የሰፋችው እሷ ናት። ክረምት ላይ አንገትጌው ሰፍቶት አይታ ነበር። «ይፋፋል ብለሽ አስፍተሽ ሰፋሽው እኮ» ሲላት አምናው፣ የራሷን ሜትር ወቅሳ አለፈችው። ቀኑን ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ የምትለካ ሴት የልጇን አልለካችም። ያን ምሽት አዝላው ስትወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ እግር ማሰብ ትታ ጀርባዋን አዳመጠችው። ከጀርባዋ ላይ ያረፈው አጥንት ነበር። የሸክምን ነገር ጀርባ ያውቃል ያለው ማን ነው? ጀርባም ደስ ካለው ይታለላል።

በነጋታው እንደ ወትሮው ሳህኑን አቀረበችለት፤ አሸዋዋን አዘለች፤ ወጣች። ከመታጠፊያው ግን ተመለሰች፤ በሩንም በቀስታ ገፋ አደረገችው።

መስኮቱ ተከፍቷል። የአሠልጣኙ ድመት በውጭው የብረት መሰላል ወጥታ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሳህኑ አለ። እንቁላሉን ጨርሳ ወተቱን እየላሰች ነው።

«ቀስ በይ እንጂ» ይላታል ሚኒስትሩ። «ሆዳም። ይሰሙናል።»

እናትየው ከበሩ ላይ ቆመች። አሸዋው ከጀርባዋ አልወረደም።

«መቼ ጀመርክ?»

ልጁ ደነገጠ። ድመቷ አልደነገጠችም።

«ሙዙን እኮ እበላለሁ...»

«መቼ ጀመርክ አልኩህ!»

«አንቺ እንቁላል የጀመርሽ ሰሞን ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «አትቆጪ እማዬ። ሥራ ተከፋፍለን ነው። አንቺ ትጠነክሪያለሽ፣ እኔ እቀልልሻለሁ፤ መሐል ላይ እንገናኛለን።»

«እኔ እኮ የጠነከርኩ መስሎኝ ነበር።»

«ጠንክረሻል።»

«አልጠነከርኩም። ልጄን ስበላ ነው የከረምኩት።»

ከረጢቱ ከጀርባዋ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አሸዋው ከወለሉ ላይ ፈሰሰ። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና ክንዱን ያዘችው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ክንዱን ዞረው ተገናኙ።

«አክስቴ ጋ አልሄድም» አለ ልጁ፣ አሁን የሚኒስትርነቱ ድምፅ ጠፍቶ። «ከከበድኩሽ ትሰጪኛለሽ። አውቃለሁ።»

ሐሰት ነው እንዳትል እውነት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱ ተዘጋ። በየማለዳው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እሱ ሳህኑን እስኪጠርግ ድረስ ከቦታዋ አትነሳም። የሷን እንቁላል ልትጨምርለት ስትል «ሹፌሯ ትብላ» ብሎ ይመልስላታል። ስለዚህ እኩል ይበላሉ። አንድ ሰው ለሚወደው ምግብ ሲያቀርብ ደስታ ነው፤ እሷ ግን እያንዳንዷ ማንኪያ የት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር። የልጇ ጉንጭ በሞላ ቁጥር ልጇ አንድ ደረጃ ከሷ ይርቃል። ብታጎድልበት ይቀርላታል፤ ብትመግበው ይሄድባታል። መገበችው። ፍቅርን የሚያህል ቃል በከንቱ አላባክንም፤ ግን ይህንን ነገር በሌላ ስም የሚጠራው ካለ ይንገረኝ።

እጁ ረጋ። አንድ ቀን ሰዓት ሠሪው የጣላትን ብሎን ከጫማው ሥር አወጣለት። ሰዓት ሠሪውም «ሚኒስትሩ ከሕመም ፈቃድ ተመለሱ» ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ አወጀ።

ማረፉም ተመለሰ። መጀመሪያ አንድ መታጠፊያ ላይ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሁሉም ላይ። እንቁላሏንም አሸዋዋንም አላቆመችም፤ ከክረምቱ በፊት ከነበረችው በእርግጥ ጠንክራለች። ግን ልጁ ወንድ እየሆነ ነው፤ አጥንቱ እየወፈረ፣ ትከሻው እየሰፋ። አንድ ማለዳ ከአሠልጣኙ ደጃፍ በላይ ጉልበቷ ከዳት። አልጣለችውም። ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ ቁጭ አለች። እሱም ከጀርባዋ ተንሸራትቶ ከጎኗ ተቀመጠ። እናትና ልጅ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሰዎች፣ ከደረጃው ላይ ጎን ለጎን።

አሠልጣኙ እየሮጡ ወጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ልባቸው ትዝ አላቸው። የዘረጉትን እጅ ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ አሠልጣኝ?» አለች።

«ምንም አልተሳሳትሽም፣ ልጄ» አሉ፤ ከነሱ በታች ካለው ደረጃ ላይ እየተቀመጡ። «ልጅ ያድጋል። ለዚህ የሚሆን ቁርስ አላውቅም።»

ለእህቷ የደወለችው እሷው ራሷ ናት። ሚኒስትሩ አልተከራከረም። «አክስቴ ከተማ ሰዓት የሚበላሽበት ሰው አይጠፋም» አለ ብቻ። ሰዓት ሠሪው የዓይን ማጉያውን ሰጠው፤ የሃያ ዓመት ማጉያውን። «አዲስ እገዛለሁ፤ እሱ የኔን ዓይን ለምዷል፣ ያንተንም ይልመድ» ብሎ ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ።

የመጨረሻውን ማለዳ ሁለቱንም እንቁላል ከሱ ሳህን ላይ አደረገችው። አንዱን አንስቶ ወደሷ መለሰው።

«ዛሬ ተሸካሚዋ እኔ አይደለሁም» አለችው።

«ብዪ እማዬ።»

በላች።

የእህቷ ባል ደልደል ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ልጁን አዝሎ ብድግ ሲል አቃሰተ። «ኧረ! ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው እንዴ? ምን ስትመግቢው ነው የኖርሽው?»

«እንቁላል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ደስ አላት። ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

ከአዲሱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሚኒስትሩ አንገቱን ቀና አደረገ፤ በየደጁ ለቆሙት እጁን አነሳ። «ክቡር ሚኒስትር፣ የውጭ ጉዞ ነው?» አሉት አሠልጣኙ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ያን ቀን ብቻ እምቢ አለችው። ከመኪናው መስኮት ግን እናቱን ጠራት።

«እንቁላሉን እንዳትተዪ!»

«እሺ።»

«አጃውንም!»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ ጌታዬ።»

በነጋታው ቃሏን ጠበቀች። አንድ እንቁላል ቀቀለች፤ አጃውንም በወተት አደረገች፤ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው በላችው። መስኮቱን የምትቧጭረውን ድመት አላየችም። ከዚያ በሯን ቆልፋ ወደ ሥራዋ ወረደች፤ ጀርባዋ ባዶ፣ እግሯ ብርቱ። የሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና ጀርባዋን ከግድግዳው አስደግፋ ቆመች።

አሠልጣኙ በሩን ከፈቱ።

«ምነው፣ ልጄ?»

«እያረፍኩ ነው፣ አሠልጣኝ።»

ከምን እንደምታርፍ አልጠየቋትም። አጠገቧ መጥተው እሳቸውም ከግድግዳው ተደግፈው ቆሙ፤ እስክትጨርስ ድረስ።