ሳይፈስ የተያዘ ጽሑፍ

የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። መሥሪያ ቤት «ፈጣኗ» ይሏታል፤ ስታወራም ስትጽፍም የሚደርስባት የለም። ዓይኗ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ መነጽሯን ወቀሰች፣ ቀጥሎ አምፖሉን። በኋላ ሐኪሙ እቅጩን ነገራት። ዓመት ሳይሞላ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የቀራት ነገር አልነበረም።

ኮምፒውተሯ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ ተጫነላት። ኮዱን ሲያነብላት ደህና ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምርና የሚያደርገውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሲያዘንበው ግን፣ አንዱን መስመር ሳይጨርስ ሌላው እየደረበበት ይንተባተባል። ፕሮግራሙ አንድ ወንበር ለሁለት መንገደኛ መሸጥ ሲጀምርና መሥሪያ ቤቱ ሲታመስ፣ እሷ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ሥራዋን ጥላ መጥታ ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ታነብላት ጀመር።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ያው ነው፤ ልዝለለው?»

«አትዝለዪ የኔ እናት፣ ጉዱ እዚያ ውስጥ ቢሆንስ?»

«ኧረ እኔም ልታወር ነው!» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ የታናሽየዋ ሳቅ ግን ወደ ለቅሶ ዞረባት።

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና «ልጄ፣ የደንበኞችን ስልክ መቀበሉ አይሻልሽም? እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው» አሏት።

«እስቲ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች።

እሳቸው ሲሄዱ ንዴቱ መጣ። ስክሪን ላይ መጻፉ ለማን ነው? ለሚያይ ሰው። ለእሷ ምን ሊፈይድላት! ወዲያው ፕሮግራሙ የሚያወጣው ጽሑፍ ወደ ስክሪኑ መሄዱን ትቶ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ እንዲጠራቀም አደረገች። አስነሳችው። ጭጭ አለ። ሥራውን ሲጨርስ፣ ከተጠራቀመው ውስጥ ሁለቴ የተሸጠውን ወንበር የሚያነሱትን መስመሮች ብቻ አስለቅማ ድምፁን «በል እንግዲህ» አለችው። ረጋ ብሎ አነበበላት። መንገደኛው ጉዞውን መሰረዝ ጀምሮ ሐሳቡን ሲቀይር፣ ትኬቱ በእጁ እያለ ወንበሩ ቀድሞ ለሽያጭ ተለቅቋል!

«አገኘሁት!» ብላ ስትጮኽ አለቃዋ እየሮጡ መጡ።

«እና ስልኩን ማን ይቀበልልኝ?» አሉ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«እርስዎም ድምፅዎ ያምራል እኮ!»

እህቷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የእሷ ዓይን ግን እንደሄደ ቀረ፤ የእህቷ መልክ ትዝ ሲላት ዛሬም ይከፋታል። እንዲህ ሲሆንባት ማዳመጫዋን አውልቃ ትቆያለች፤ ባልደረቦቿም ነገሩ ገብቷቸው፣ ማዳመጫዋን መልሳ እስክታደርግ ሥራ አይጠይቋትም።